ምዕራፍ 7፦ ቁጥርን ካደረበት ስፍራ ስለ ማንበብ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ወርዶ አቃቂ የደረሰ መንገደኛ አስቀድሞ የሚያየው የፋብሪካውን ጭስ ማውጫ፣ የከባድ መኪናውን ሰልፍና የመጋዘኑን ቆርቆሮ ነው እንጂ ከእግሩ በታች ያለውን አያይም፤ ይሁን እንጂ የዚህ ስፍራ ዋነኛ ሀብት ከእግር በታች ያለው ነው፤ ይኸውም በጥንተ ዘመን ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ በረጋው ዐለት ስንጥቅ ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ በጥልቅ ጉድጓዶች እየተሳበ፣ በቧንቧም ወደ ሰሜን ዳገቱን እየወጣ፣ የዋናውን ከተማ ሕዝብ የሚያጠጣ መሆኑ ነው። ከምድር በላይ ያለውም ቢሆን የውኃ ታሪክ ነው፤ ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የሚባሉት ወንዞች ከከተማው በምሥራቅና በምዕራብ ወርደው በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ከተገናኙ በኋላ ወደ አዋሽ ያልፋሉ፤ በ1930ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በዚያ የተተከለው 6.6 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጣቢያም ለአገራችን የውኃ ኀይል ኤሌክትሪክ በኵሩ ነው።

ውኃ በሚቀዳበት ስፍራ መለኪያ አይታጣም፤ መለኪያ በቆመበትም ስፍራ ቁጥር ይበዛል። ቀድሞ የወንዝን ከፍታ እንዲያነብ የተሾመው ሰው ጠዋትና ማታ ወደ ዳር ወርዶ፣ በውኃው ውስጥ የቆመውን የከፍታ ሰሌዳ አይቶ፣ በመዝገቡ ሁለት ቁጥር ይጽፍ ነበር፤ ይህም በዓመት 730 ቁጥር ስለሚሆን አንድ ትጉህ ጸሐፊ በአንድ ምሽት ደምሮ ሊያሳርፈው ይችላል። ዛሬ ግን በጉድጓድ ውስጥ በገመድ የሚንጠለጠለው፣ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይወፍረው መሣሪያ በየሩብ ሰዓቱ የውኃውን ጥልቀት ሲመዘግብ በቀን 96፣ በዓመት 35,040 ቁጥር ያስቀምጣል፤ ጳጉሜን 6 ቀን በምትሆንበት በዘመነ ሉቃስም 35,136 ይሆናል። ይህን ሁሉ ሰው በጣቱ ሊቆጥረው ስለማይችል ለኮምፒውተር ይሰጠዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን ቁጥሩን እንዴት አድርገው እንዳስቀመጡለት ካልታየ፣ እርሱም እንደ ሰው ይደክማል።

ይህን ያስተዋልሁት በከርሰ ምድር ውኃ ጥናት የተሰማራ፣ በአቃቂ ተወልዶ ያደገ አንድ ወጣት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑን ይዞ ወደ ቤቴ በመጣ ጊዜ ነው። ከአንድ ጉድጓድ የተነበበ የዐሥር ዓመት መዝገብ ነበረው፤ የየዕለቱን አማካይ እንዲያወጣለት በፓይተን ቋንቋ የጻፈው ፕሮግራም ግን አላልቅ ብሎታል። ቡናው ሲቆላ ፕሮግራሙን አስነሣው፤ አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ፣ በረካውም ተጠጥቶ ሲኒው ታጠበ፤ ፕሮግራሙ ገና ሁለተኛውን ዓመት አልጨረሰም።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ አርጅቶ ይመስለኛል፤ ሌላ ልግዛ ይሆን?» አለኝ።

«ኮምፒውተርህ ምንም አልሆነ፤ ቁጥሮቹን የት እንዳሳደርሃቸው ብቻ አሳየኝ» አልሁት።

የኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ እጅግ ረጅም በሆነ አንድ መደዳ ላይ እንደ ተሠሩ ትናንሽ ክፍሎች ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ባይት ይይዛል፣ እያንዳንዱም ከዜሮ ጀምሮ የሚቆጠር አድራሻ አለው። ከነጥብ በኋላ የሚዘልቅ ቁጥር፣ እንደ ጉድጓዱ ጥልቀት ያለው፣ ብዙውን ጊዜ 8 ክፍል ይዞ ይቀመጣል። መጻሕፍት ድርድር የሚሉት፣ በሥራው የዋሉት ግን አሬይ ብለው የሚጠሩት ነገር ከሁሉ ቀላሉ አቀማመጥ ነው፤ ይኸውም ቁጥሮቹ በመካከላቸው አንዳች ነገር ሳይገባ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ከአንድ መነሻ አድራሻ ጀምረው መሰለፋቸው ነው። የዚህም አቀማመጥ ጸጋው ፍለጋን ማስቀረቱ ነው፤ የተራውን ቁጥር በ8 አባዝቶ በመነሻው ላይ የደመረ ሰው ያለ ምንም ፍለጋ ከሚሻው ቁጥር ደጃፍ ይቆማል።

በዚህ ረገድ የእኛ ዘመን አቈጣጠር ለኮምፒውተር እንዴት የተመቸ መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። የፈረንጁ ወር አንዱ 31፣ አንዱ 30፣ አንዱ 28 ስለሆነ አንድን ቀን ከዓመቱ መነሻ ለመቁጠር የወሮቹን ሠንጠረዥ መመልከት ግድ ይላል፤ የእኛ ወር ግን ከመጨረሻዋ ከጳጉሜን በቀር ሁሉም 30 ስለሆነ አንድ ማባዛትና አንድ መደመር ይበቃዋል። ነሐሴ 12 ቀን ከቀኑ በ9 ሰዓት ጉድጓዱ ምን ያህል ጥልቀት እንደነበረው ለማወቅ ብንሻ፣ ከነሐሴ በፊት 11 ወሮች አልፈዋልና 11 በ30 ሲባዛ 330፣ ከዚያም ላይ ያለፉት 11 ቀኖች ሲጨመሩ 341 ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ቀን 96 ንባብ ስላለ 32,736፤ ሰዓታችን ከንጋት ስለሚጀምር 9 ሰዓት ማለት ከንጋት ወዲህ 36 ሩብ ሰዓት ማለት ነውና ይህ ሲጨመር 32,772 ይመጣል፤ ይህም በ8 ሲባዛ 262,176 ነው። እንግዲህ ያ ንባብ ከመነሻው 262,176 ባይት ርቆ ተቀምጧል፤ በመካከሉ ያሉትን ሠላሳ ሁለት ሺህ ቁጥሮች አንዱንም መጠየቅ አላስፈለገም።

ይህ አዲስ ጥበብ የሚመስለው ሰው ካለ የባሕረ ሐሳብን መምህር ይጠይቅ። የ2018ን ዓመት በዓላትና አጽዋማት የሚያወጣ ሊቅ ከአዳም ጀምሮ ዓመት ዓመቱን እየቆጠረ አይወርድም፤ 5500 ላይ 2018ን ደምሮ ዓመተ ዓለሙን 7518 ይላል፣ በ19 ይገድፈዋል፣ 13 ይተርፈዋል፣ አንዱን ለዘመን ትቶ 12ን ወንበር ያደርጋል፣ ወንበሩንም በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ አበቅቴው 12 ሆኖ ያገኘዋል፤ በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፍም መጥቅዑ 18 ይሆናል። ሰባት ሺህ ዓመት በጥቂት ስሌት ታለፈ፤ የድርድርም ምሥጢር ይኸው ነው።

የወጣቱ ቁጥሮች ግን እንዲህ አልተቀመጡም ነበር። በፓይተን ሊስት በሚባለው ስብስብ ነበር ያኖራቸው፤ ይህም ስብስብ እጅግ ቸር ስለሆነ ቁጥርም፣ ቃልም፣ ቀንም፣ ሌላ ስብስብም ቢያስገቡበት አይከለክልም፤ ስለ ቸርነቱ ግን የሚከፈል ዋጋ አለው። የሚገባበት ነገር ምን እንደሆነ አስቀድሞ ስለማያውቅ ነገሩን ራሱን በመደዳው ላይ አያስቀምጥም፤ ነገሩ የተቀመጠበትን አድራሻ ብቻ ይይዛል። ቁጥሩ ራሱ በሌላ ስፍራ፣ ምን ዓይነት እንደሆነና ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት የሚናገር ጽሕፈት ታክሎበት፣ እንደ ታሸገ ፖስታ ተጠቅልሎ ይኖራል። አንድ ኩንታል ጤፍ ወደ መጋዘን የሚያስገባ ነጋዴ እያንዳንዷን ቅንጣት በየፖስታው አሽጎ፣ በየፖስታው ላይ «ይህ ጤፍ ነው» ብሎ ጽፎ፣ ፖስታዎቹን በመጋዘኑ ውስጥ በትኖ፣ የተበተኑበትን ስፍራ ደግሞ በሌላ መዝገብ ቢያሰፍር የሚሆነውን ያህል ነው። በዛሬው የተለመደ ኮምፒውተር ላይ ፖስታው 24 ባይት፣ አድራሻው 8 ባይት ስለሆነ 8 ባይት ለሚበቃው ቁጥር 32 ይወጣል። ጃቫ በሚባለው ቋንቋም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ በስብስብ የገባ ባለ ነጥብ ቁጥር በተለመደው አሠራር 24 ባይት ለጥቅሉ፣ 4 ባይት ለአድራሻው ይወስዳል። የወጣቱ የዐሥር ዓመት መዝገብ፣ ሁለት ዘመነ ሉቃስ ስላሉት 3,652 ቀኖች፣ ንባቡም 350,592 ነበር፤ ይህም ተገጥግጦ ቢቀመጥ 2,804,736 ባይት በሆነ ነበር፤ በሊስት ግን 11,218,944 ሆኗል።

ስፍራ ማባከኑ ከጉዳቱ ሁሉ ትንሹ ነው። ትልቁ ጉዳት መንገዱ ነው። የኮምፒውተሩ አሳቢ ክፍል ከማኅደረ ትውስታ አንድ ቁጥር ሲፈልግ ያን ቁጥር ብቻ አያመጣም፤ በአንድ ጉዞ 64 ባይት ይጭናል። ከቦኖ ውኃ የምትቀዳ ሴት አንድ ኩባያ ለመሙላት ብላ ጀሪካኗን ባዶ ይዛ እንደማትመለስ ሁሉ፣ እርሱም በአንዱ ጉዞ የተሰለፉ 8 ቁጥሮችን ይዞ ይመጣል፤ ሰባቱ ወዲያው ለሚከተለው ሥራ ዝግጁ ሆነው ከአጠገቡ ይቆያሉ። የተበተኑ ፖስታዎች ከሆኑ ግን ለእያንዳንዱ ቁጥር እንደገና ወደ ቦኖው መውረድ ሊያስፈልግ ይችላል፤ የሩቁ ማኅደረ ትውስታ ደግሞ ከቅርቡ ጋር ሲነጻጸር በመቶ እጥፍ ገደማ ይዘገያል።

ወጣቱም በዚህ ላይ ሌላ ሸክም ጨምሮ ነበር። የአንዱን ቀን አማካይ ለማውጣት ሊስቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይመላለስበታል፣ በእያንዳንዱም ንባብ ላይ በፊደል የተጻፈውን ቀን እየተረጐመ «ይህ የዛሬው ነውን?» ብሎ ይጠይቃል። 350,592 ንባብ ለ3,652 ቀን ሲባዛ 1,280,361,984 ጥያቄ ነው። በረካው ያለቀበት በዚህ ምክንያት ነበር።

ፓይተን ለተበተኑት ፖስታዎች መድኃኒት ያገኘው ቆየት ብሏል። በ1995 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ጂም ሁጉኒን ኑመሪክ የተባለውን የድርድር ጥራዝ ጀመረ፤ በኋላም ትራቪስ ኦሊፋንት ያንንና ኑምአሬይ የተባለውን ተቀናቃኙን አዋሕዶ ኑምፓይን ሠራ፤ የመጀመሪያው ሙሉ እትም በ2006 ወጣ። የኑምፓይ ድርድር ከውጭ ሲያዩት እንደ ሌላው ስብስብ ለአጠቃቀም የለዘበ ነው፤ ከውስጡ ግን ቁጥሮቹ ያለ ፖስታ፣ ያለ መግለጫ ጽሕፈት፣ እርቃናቸውን ተሰልፈው ይኖራሉ። ከቁጥሮቹ ተለይታ አንዲት ትንሽ መግለጫ ብቻ አለች፤ መነሻው የት እንደሆነ፣ የእያንዳንዱ ቁጥር ዓይነት ምን እንደሆነ፣ ስንት ረድፍና ስንት ዐምድ እንዳለው፣ ከአንዱ ወደ ሚቀጥለውም ስንት ባይት መራመድ እንደሚገባ ትናገራለች። ለ350,592 ቁጥሮች ቀድሞ በየግንባራቸው የተጻፈው ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ተጻፈ ማለት ነው።

ወጣቱ ይህን ሰምቶ ቁጥሮቹን ወደ ኑምፓይ ድርድር አዛወራቸው፤ እንደ ልማዱ ግን አንድ በአንድ እያወጣ መደመሩን ቀጠለ፤ ይህን ጊዜ ደግሞ ድምሩ ከቀድሞው ይበልጥ ዘገየ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። እርቃኑን የተቀመጠ ቁጥር ከድርድሩ ወጥቶ በፓይተን እጅ ሲገባ የግድ ፖስታ ይለብሳል፤ ከሊስት የሚወጣ ቁጥር ግን ፖስታውን አስቀድሞ የለበሰ ነው። እንግዲህ አንድ በአንድ የሚያወጣ ሰው በደጃፉ ላይ 350,592 ጊዜ ያሽጋል፣ 350,592 ጊዜ ይቀዳል፤ ድርድር የማኖሩ ጥቅም ሁሉ በደጃፉ ላይ ይቀራል። መንገዱ ሌላ ነው፤ ቁጥሮቹን ወደ ራስ ከመጥራት ይልቅ ሥራውን ቁጥሮቹ ወዳሉበት መስደድ ነው። «ይህን መደዳ 3,652 ረድፍና 96 ዐምድ አድርገህ እይልኝ፣ የየረድፉንም አማካይ ስጠኝ» የሚል አንድ ትእዛዝ ሲሰጠው፣ ከአንዱም ቁጥር አንድ ባይት ሳይነቃነቅ፣ መግለጫዋ ብቻ ተለውጣ፣ ስሌቱ በውስጥ ባለው ፈጣን ማሽን ተፈጸመ። ወጣቱ ቁልፉን ተጭኖ እጁን ሳያነሣ መልሱ ወጣ።

ይህን ዓይነት አመለካከት፣ ማለትም ቁጥሩን ሳይገለብጡ ባለበት የማየትን ሥርዐት፣ ፓይተን በ2006 በተጻፈ ደንብ ለቋንቋው ሁሉ የጋራ አድርጎታል፤ ስለዚህም አንዱ ጥራዝ የያዘውን ድርድር ሌላው ጥራዝ ሳይቀዳ ሊያነበው ይችላል። ሲ ሻርፕ የተባለው ቋንቋ በ2018 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ስፓን በሚል ስም ተመሳሳይ መስኮት ከፈተ፤ ጃቫም ከጥንቱ እርቃናቸውን የሚሰለፉ የቁጥር ድርድሮች አሉት፤ ሰዎች የሚዘነጓቸው ስብስቡ ለአጠቃቀም ስለሚለዝብ ብቻ ነው።

ረድፍና ዐምድ ያልሁትን ነገር ለማብራራት ከፊደል ገበታ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በ1999 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ በገባ ጊዜ ሀ 4608 የሚለውን ቁጥር ተቀበለ፤ ከእርሱም ጀምሮ እያንዳንዱ ቤተሰብ 8 ስፍራ ተሰጠው፤ ሰባቱ ለሰባቱ ሆሄ፣ ስምንተኛው ለዲቃላው፤ እንደ ቀ ያሉት፣ ዲቃላቸው የበዛው፣ ሁለት መደዳ ይይዛሉ። መ ከሀ ሦስተኛ ቤተሰብ ነውና 3 በ8 ሲባዛ 24፣ በ4608 ላይ ሲደመር 4632 መ ይሆናል፤ ሜ ከመ አራት እርምጃ ነውና 4636። ገበታው ሁለት ወገን ያለው ሠንጠረዥ ቢመስልም በማኅደረ ትውስታ ውስጥ የተዘረጋው በአንድ መስመር ነው። ተማሪ «ሀ ሁ ሂ» ብሎ በአግድም ሲወርድ ጎረቤቱን ከጎረቤቱ ያነባል፤ «ሀ ለ ሐ መ» ብሎ በቁም ሲወርድ ግን በእያንዳንዱ ቃል ስምንት ስፍራ ይዘላል። የጉድጓዱ ሠንጠረዥም እንዲሁ ነው፤ የአንዱን ቀን ንባቦች የሚደምር በጎረቤታሞች ላይ ይሄዳል፤ የየቀኑን የ9 ሰዓት ንባብ ብቻ የሚሰበስብ ግን በየእርምጃው 768 ባይት ይዘላል፣ በየጉዞውም ከጫነው 64 ባይት 8ቱን ብቻ ተጠቅሞ ሌላውን ያፈስሳል። ይህ ሥራ የሚበዛበት ሰው ሠንጠረዡን በዐምድ አስቀድሞ ቢያሰልፍ ይሻለዋል። ጆን ባከስና ባልደረቦቹ በ1957 ያወጡት ፎርትራን የተባለው ቋንቋ ሲጀመር ጀምሮ በዐምድ ይዘረጋል፤ ሲ የተባለው ቋንቋ ደግሞ በረድፍ፤ ድርና ማግ ጨርቁን ከሁለት አቅጣጫ እንደሚሠሩት ሁሉ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ጥፋቱ በአንዱ የተዘረጋውን በሌላው አቅጣጫ ማንበብ ነው።

ቁጥርን ካደረበት ማንበብ ግን ጥንቃቄ ይሻል። መስኮቱ ቅጅ አይደለምና በመስኮቱ በኩል የተለወጠ ቁጥር በባለቤቱም ዘንድ ይለወጣል። ባለቤቱ ድርድሩን ለማስፋት ብሎ ወደ ሌላ ስፍራ ቢያዛውረው ደግሞ በአሮጌው አድራሻ የሚያነበው ሰው ባዶ ቤት ውስጥ ይገባል። ፓይተን ይህን ስለሚያውቅ በመስኮት እየታየ ያለ የባይት ድርድር እንዳይሰፋ ይከለክላል፤ ሲ ሻርፕም የማኅደረ ትውስታው ጠራጊ፣ ቆሻሻ ሰብሳቢ የሚባለው፣ ቁጥሮቹን እንዳያነሣ በካስማ እንዲቸነከሩ ያደርጋል፤ ሲ ግን ማንንም አይከለክልም፣ ኀላፊነቱን ሁሉ በጸሐፊው ራስ ላይ ጥሎ ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የዚያን ዕለት ወጣቱ በደስታ ውጤቱን ሲመለከት አንዱ ቀን አማካዩ ከዜሮ በታች 62.6 ሜትር ሆኖ አገኘው። የጉድጓዱ ውኃ ከምድር ወለል 42 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚኖር ነው፤ ከዜሮ በታች 62.6 ማለት ግን ውኃው ከአቃቂ ምድር ተነሥቶ 62.6 ሜትር ወደ ሰማይ ቆመ ማለት ነው። ወደ ቁጥሮቹ ገብተን ብናይ ከ96ቱ ንባብ አንዱ -9999 ነበር። መሣሪያው ሳያነብ የቀረበትን ጊዜ ለማመልከት የተጻፈ የቆየ የሙያ ምልክት ነው፤ ይህን የሚናገር ጽሕፈት ግን ከፋይሉ ጋር አልነበረም። 95 ጊዜ 42 ሲደመር 3990፤ 9999 ሲቀነስበት ከዜሮ በታች 6009፤ ለ96 ሲካፈል ያው 62.6። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ የተሰጠውን እርቃን ቁጥር በትክክል ደመረ። ሌላም አለ፤ በሁለት ባይት የተጻፈ 258፣ ትልቁ ባይት በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ሳይታወቅ ተገልብጦ ቢነበብ 513 ይሆናል፤ 513 ደግሞ እንደ -9999 ራሱን አያጋልጥም፣ እውነተኛ ንባብ መስሎ ይኖራል።

ፖስታው ሲቀደድ በላዩ የነበረው ጽሕፈትም አብሮ ይቀደዳልና፣ በአቃቂም ሆነ በሌላ ስፍራ የውኃን፣ የዝናብን፣ የመብራትን፣ የእህልን ቁጥር የምትመዘግቡ ወገኖቼ፣ ከየፋይላችሁ ጋር አንዲት ገጽ ጽሑፍ ተዉልን፤ ንባቡ ከየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚጀምር፣ በምን ያህል ጊዜ እንደሚደገም፣ በሜትር ይሁን በሴንቲሜትር፣ ከምድር ወለል ይሁን ከጉድጓዱ አፍ፣ ያልተነበበው በምን ምልክት እንደተጻፈ፣ ባይቱም ከየትኛው ወገን እንደሚጀምር በአማርኛ ይጻፍባት፤ ገጿንም ከፋይሉ አትለዩአት።